ማቆሚያ የሌለው መምህር

1998 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ነው። ያኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ተማሪዎቻችን ለተግባር ልምምድ በየትምህርት ቤቱ ሲበተኑ ገምጋሚ አነሰና፣ «አንተም ሂድ» ተብዬ አንድ እስር ቅጽ ተሸክሜ አጋሮ ገባሁ። የደረሰኝ ልጅ የኬሚስትሪ ሠልጣኝ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ሰው ከኬሚስትሪ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ። ቅጹ የሚጠይቀው ስለ ኬሚስትሪ አይደለም። የድምፅ ጥራት፣ የጥቁር ሰሌዳ አያያዝ፣ የተማሪ ተሳትፎ፣ የጊዜ አጠቃቀም… ይህን ለመሙላት ዓይንና ጆሮ ይበቃል።

ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጁ ገባ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ የዕለቱን ርዕስ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ የተቆለፈበትን ሳጥን ከፈተና ጥጉን ይዞ ቆመ። ፕላዝማው በራ። አንዲት ሴት በፈጣን እንግሊዝኛ ስለ አሲድና ቤዝ መናገር ጀመረች። ልጁ እጁን አጣምሮ እንደኛው ያያታል። እኔ ቅጼ ላይ «የድምፅ ጥራት» የሚለው ዘንድ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። የማንን ድምፅ ነው የምሞላው?

አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄደ መስኮቱ ሥር የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። ሠልጣኙ አያት። ወደ ስክሪኑ ዞር አለ፤ እንደገና አያት። ከዚያ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው በመዳፉ ቀስ አድርጎ «አውርጂው» የሚል ምልክት ሰጣት። አላወረደችም። ሲደክማት ክንዷን በሌላው እጇ ደገፈችው። ሴትየዋ ቆየት ብላ ጥያቄ ጠየቀች። ስክሪኑ ላይ ሰከንዶች ተቆጠሩ። ክፍሉ ጭጭ እንዳለ «በጣም ጥሩ! ትክክል!» ብላ ቀጠለች። ያኔ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እጇን ያወጣችው ልጅ ግን አልሳቀችም።

ፕላዝማን ላልደረሱበት ወጣቶች ጥቂት ላስረዳ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ (እ.ኤ.አ. 2004) ትምህርት ሚኒስቴር በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሰፋፊ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖችን አስገባ። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው፣ እንግሊዝኛው፣ ሥነ ዜጋው ደቡብ አፍሪካ እየተዘጋጀ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። ከክፍለ ጊዜው ወደ 30 ደቂቃ የሚጠጋው የስክሪኑ ነው። ለክፍሉ መምህር መግቢያና መዝጊያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች። ሥርጭቱ ለመላው አገር በአንድ ሰዓት ነው፤ አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ ማለት ነው።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የሠለጠነ መምህር እጥረት ነበር። አዲስ አበባ የሚማር ልጅና አጋሮ የሚማር ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ያግኙ መባሉም ተገቢ ነው። ቤተ ሙከራው ባዶ የሆነ ትምህርት ቤት ተማሪ የሙከራውን ውጤት በቀለም አይቷል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ትምህርት በቴሌቪዥንም ቢሆን አዲስ ግኝት አልነበረም፤ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ተሞክሯል። በሬዲዮም የኔ ትውልድ ተምሯል። የኛ መምህር ግን ሬዲዮኑ አላስጨርስ ሲለው ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ምን አለ?» ይለን ነበር። ባለሥልጣን ነበራ! ሬዲዮኑ እንግዳ፣ እሱ ባለቤት።

ሙያዬ ነውና ፕላዝማውን እንደ ድርሰት አነበብኩት። ማንኛውም ድርሰት፣ ደራሲው አወቀም አላወቀም፣ በልቡ የሚያስበው አድማጭ አለው። የፕላዝማው አድማጭ ማን ነበር? እንግሊዝኛ በዚያ ፍጥነት የሚገባው፣ ከክፍል ቀርቶ የማያውቅ፣ መብራት የማይጠፋበት፣ ጥያቄ ሲጠየቅ በሰከንዶች ውስጥ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጥ፣ ራሱ ግን ምንም የማይጠይቅ ተማሪ ነው። እንዲህ ያለ ተማሪ አጋሮ ውስጥ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር አዲስ አበባም መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የአጋሮው ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ነው የመጣው። 9ኛ ሲገባ ሁሉም ትምህርት በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ድልድይ የሚሆነው የክፍሉ መምህር ነበር። «አሲድ» ሲባል ሎሚውን፣ «ቤዝ» ሲባል አመዱን የሚያሳየው፣ ቃሉን በልጁ ቋንቋ አላምጦ የሚያቀብለው። ድልድዩን ጥግ አቁመን ወንዙን በሳተላይት አሻገርነው።

ኅዳር ነው ብያችኋለሁ። አጋሮ ውስጥ ኅዳር የቡና ለቀማ ነው። ያን ቀን ከወንበሮቹ ብዙዎቹ ባዶ ነበሩ። ልጆቹ ጫካ ናቸው፤ የዓመቱ ደብተር፣ ጫማና ሳሙና ያለው እዚያ ነው። ሳተላይቱ ቡና ለቀማ አያውቅም። የክፍሉ መምህር ያውቃል። «ለቀማው ካለቀ በኋላ እመለስበታለሁ» ማለት የሚችለው እሱ ነበር፤ ግን የሚመለስበት ነገር በእጁ የለም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አልጋዬ ስመለስ በአንድ ቁርዓን ቤት ደጃፍ አለፍኩ። ልጆች ሉህ የሚሉትን የእንጨት ሰሌዳ ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀራሉ። ያ ሰሌዳ የሚገርም መሣሪያ ነው። ልጁ የዕለት ድርሻውን በቀለም ይጽፍበታል፣ ያነበንበዋል፣ በቃሉ ሲይዘው አጥቦ አዲስ ይጽፍበታል። መቼ እንደሚታጠብ የሚወስነው ግን ሰሌዳው አይደለም፤ ልጁም አይደለም። መምህሩ ሰምቶ «ይታጠብ» እስኪል ድረስ አይታጠብም። አንዱ ልጅ በሦስት ቀን፣ ሌላው በሳምንት። በኛም ፊደል ቤት የኔታ ካልሰሙ ገጽ አይገለጥም። ሉህም ቴክኖሎጂ ነው፤ ማቆሚያ ያለው።

አንዳንድ ሰው ይህን ስል «አንተ መሣሪያ ትጠላለህ፣ ወደ ጠመኔ መልሱን ባይ ነህ» ይለኛል። አይደለሁም። የአጋሮም ሰው ማሽን አይፈራም። ለዚህ ማስረጃዬ ቡናው ነው። የጅማ ቡና አብዛኛው ከነገለባው ደርቆ በጀንፈልነት የሚሸጥ፣ በገበያም ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 እና 2010 ወዲህ በአጋሮ ዙሪያ ገበሬዎች፣ ቴክኖሰርቭ በሚባል ድርጅት እየታገዙ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን ተከሉ። ከነዚህ አንዱ በ2010 የተመሠረተው ዱሮሚና ነው። በሁለት ዓመቱ፣ በ2012፣ ዓለም አቀፍ ቀማሾች ከአፍሪካ ቡናዎች ሁሉ አንደኛ ብለው መረጡት። ሁለት ዓመት! ልብ በሉ፣ ማሽኑ ብቻውን አልመጣም። ቀይ ቀዩን ብቻ መልቀም፣ አልጋ ላይ እያገላበጡ ማድረቅ፣ ሒሳብ መያዝ፣ ብድር መክፈል አብሮ ተሰጥቷል። ማሽኑ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። የሚለየው ተቀባዩ ነው፤ አረንጓዴ የበዛበትን ጆንያ «መልሰህ ልቀም» የሚለው ሰው። ለመምህሩ ይህን ሥልጣን ነው የነፈግነው።

ወደ ራሴ ልመለስ፤ ሌላውን ስተች ራሴን ደብቄ ማለፍ አልወድም። በ2000 ዓ.ም. ግድም እኔም የማስተምርበት ክፍል ፕሮጀክተር ገባ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የግጥም ትምህርቴን በሙሉ ስላይድ አደረግኩት። «የግጥሙ ጭብጥ»፣ «የግጥሙ ቅርጽ»፣ «ዘይቤያዊ አነጋገሮች»፣ እያንዳንዱ ፊቱ ላይ ነጥብ ያለበት፣ ከጎን እየተንሸራተተ የሚገባ። (የሚንሸራተተውን ለመሥራት አንድ ሌሊት ፈጅቶብኛል።) ድሮ አንድን ግጥም ሁለቴ ሦስቴ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ መሐል ላይ ቆሜ «ይቺ ቃል እዚህ ምን ትሠራለች?» ስል የነበርኩ ሰው፣ አሁን አንድ ክፍለ ጊዜ ላይ አራት ግጥም እጨርሳለሁ። እንደ ዕድገት ቆጠርኩት። አንድ ተማሪ ሊወጣ ሲል ቀረበኝና በትሕትና «መምህር፣ ስላይዱን በፍላሽ ይሰጡናል?» አለኝ። አዎን አልኩት። «እንግዲያው ክፍል መምጣት ያስፈልገናል?»

ተቆጣሁ። ባለጌ ነው ብዬ ለባልደረቦቼ አወራሁ። ልጁ ግን ስድብ አልነበረም የተናገረው፤ ትክክለኛ ሒሳዊ ንባብ ነው። ራሴን በገዛ እጄ ፕላዝማ አድርጌው ነበር።

እንግዲህ የመምህር ዕድገት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚያጠያይቀኝ። እኛ ዘንድ ዕድገት የሚለካው መምህሩ በገባበት ሥልጠና ብዛት ነው። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መጣ፤ በዓመት 60 ሰዓት ተባለ። ብዙ ቦታ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ማህደሩ ወፈረ፣ ክፍሉ እንደነበረ ቀረ። እኛ ዩኒቨርሲቲ ያለነውም የከፍተኛ ዲፕሎማ ሥልጠና ወስደናል። ግድግዳ ሙሉ ባለ ቀለም ወረቀት እየለጠፍን «ተማሪ ተኮር» ስንል ከርመን፣ በማግሥቱ ክፍል ገብተን ማስታወሻ አጻፍን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀመረ፤ መምህራንም እየተመዘገቡ ሰርተፍኬት ይቀበላሉ። መልካም ነው፤ ማወቅን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ሰርተፍኬቱን ካየሁ በኋላ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ይህ ሰው ክፍል ውስጥ መሣሪያውን መቼ እንደሚያጠፋው ያውቃል? ማብራቱንማ ሕፃንም ይችለዋል።

ያ የአጋሮ ሠልጣኝ ከተመረቀ በኋላ እዚያው ጅማ ዞን ውስጥ ተመድቦ፣ ወረዳ ለወረዳ ዞሮ፣ መጨረሻ ላይ አጋሮ ተመለሰ። ግምገማው ላይ ምን ያህል እንደሞላሁለት ባላስታውስም ስልክ አልተቋረጥንም። ባለፈው ዓመት፣ 2017 ላይ፣ ለሌላ ጉዳይ ጅማ ሄጄ 45 ኪሎ ሜትር ያህሏን መንገድ በሚኒባስ ሄድኩለት። ፀጉሩ ሸበቶ ጣል ጣል ብሎበታል። ቡና ይዘን ተቀመጥን።

«ጋሼ፣ ያን ቀን የዘጋሁባትን ልጅ ታስታውሳለህ?» አለኝ።

«የቷን?» አልኩት፤ እያወቅኩ።

«እጇን ያወጣችውን። ስወጣ ጠራኋት። ምን ልትጠይቂ ነበር ስላት፣ ረሳሁት አለችኝ።»

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሁሉ የነገረኝ እየሳቀ ነው። መጀመሪያ የፕላዝማውን መርሐ ግብር እያየ ነገ የሚመጡትን ከባድ ቃላት ዋዜማውን በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመረ። ረዳው። ቀጥሎ ደፈረና ድምፁን አጥፍቶ በሥዕሉ ላይ ራሱ ያስረዳ ጀመር፤ በእግር ኳስ ቋንቋ ኮሜንታተር ሆነ። አንድ ርዕሰ መምህር በመስኮት አይቶ «የመንግሥት ትምህርት ታፍናለህ?» አለው። (ይህን ሲነግረኝ ቡናዬ አነቀኝ።) ዓመታት አለፉ፣ ስክሪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ ባየኋቸው ትምህርት ቤቶች አንዳንዱ እስካሁን ግድግዳ ላይ ጥቁር ሆኖ ተሰቅሏል። ስማርት ስልክ መጣ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈተ።

«እዚያ ላይ አበድኩ» አለኝ። «በቀን አምስት ስድስት ቪዲዮ እልካለሁ። ማታ ማታ የታየበትን ቁጥር እቆጥራለሁ። ትልቅ መምህር የሆንኩ መሰለኝ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ፈተንኳቸው። ጋሼ፣ ግማሹ ስልክ የለውም! ያለውም ለካርድ እያለ አላወረደውም። ያወረደውም አላየውም። የቆጠርኩት እኮ የራሴን ጓደኞች ነው።»

ይህን ውድቀቱን ሳይደብቅ መናገሩን ከሰርተፍኬቱ ሁሉ በላይ ወደድኩለት። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ቪዲዮ የሚያግተው የቴሌግራም መምህርና የፕላዝማዋ ሴት አንድ ናቸው። ሁለቱም የማያዩትን አድማጭ «በጣም ጥሩ» ይላሉ። አሁን ደግሞ መልስ የሚጽፍ ማሽን መጥቷል። የቤት ሥራ በንጹሕ እንግሊዝኛ ተጽፎ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ ብለው፣ «ሰሌዳ ላይ አስወጣቸዋለሁ፤ ካስረዳኝ ከየትም ያምጣው» አለኝ። ከዚህ የተሻለ መመሪያ ከየትኛውም ቢሮ ሲወጣ አላየሁም።

በማግሥቱ አስፈቅዶ ክፍሉ አስገባኝ። ቅጽ አልያዝኩም። ከኋላ ወንበር ላይ ከልጆቹ ጋር ተጠጋግተን ተቀመጥን። አሮጌ ላፕቶፕ፣ ከባልደረባው የተዋሰው ፕሮጀክተር፣ በፍላሽ የያዛት ቪዲዮ፤ ሦስት ደቂቃ ከጥቂት። ታይትሬሽን ነው፤ ፍላስኩ ውስጥ አሲድ አለ፣ ኢንዲኬተር ተጨምሮበታል፣ ከላይ ካለው ቢውሬት ቤዝ ጠብ ጠብ ይላል። ቤተ ሙከራው መስታወት እንጂ ኬሚካል የለውም።

ቪዲዮውን አስጀመረና፣ አንዲት ጠብታ ከቢውሬቱ አፍ ላይ ተንጠልጥላ ልትወድቅ ስትል ቀጭ አድርጎ አቆማት።

ሰላሳ ዓመት ተረት፣ ልብ ወለድና ቴአትር ሳስተምር «ልብ ሰቀላ» የምንለውን ነገር እንዲህ ቁልጭ ብሎ አላየሁትም። ክፍሉ ተንጠለጠለ። «ይቺ ስትወርድ ምን ይሆናል?» አለ። «ሮዝ ይሆናል» አሉ ከፊት። «ሮዝ ከሆነ ከቅድም ጀምሮ ለምን አልሆነም?» አለ አንዱ። አንዲት ልጅ በአፋን ኦሮሞ ረዘም አድርጋ ተናገረች። መምህሩ አላቋረጣትም፤ ስትጨርስ ያለችውን በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጻፈና «እንዲህ ነው ያልሽው?» አላት። ሮዙ ብቅ ብሎ ይጠፋል ነው ያለችው፤ አሲዱ ገና ስላላለቀ። ሌላው «አይጠፋም!» ብሎ ተነሣ። ወዲያው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ እኔን ዳኛ ሊያደርገኝ ፈልጎ «አባባ፣ የቱ ነው ልክ?» አለኝ። እንደማላውቅ ስነግረው በጣም አዘነልኝ።

በዚህ መሐል የላፕቶፑ ባትሪ አለቀ። ጠብታዋ እንደተንጠለጠለች ግድግዳው ጠፋ።

በ1998 ቢሆን ይህ የትምህርቱ መጨረሻ ነበር። መምህሩ ላፕቶፑን አንዴ አየው፣ ከደነው፣ ጠመኔ አነሣና ጠብታዋን ሰሌዳው ላይ ሣላት፤ ከሥሯ ደግሞ ፍላስኩን። ልጆቹ ጭቅጭቃቸውን አላቋረጡም። መስኮቱ በኩል የአንድ ልጅ እጅ ወጥቷል። መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ወደሱ ሄደ።